ባለ ሞተር ወንበር ለአሮጌ ፒካፕ፦ ሽቦው ለምን ይቀልጣል?

ባለፈው ዓመት ከአጎቴ ጋር ከጅማ ወደ አዲስ አበባ እየሄድን ነበር። ሰኮሩን አልፈን ወደ ግቤ መውረድ ስንጀምር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። አጎቴ መጀመሪያ የጠረጠረው ፍሬኑን ነው። ቁልቁለት ስለሆነ አይፈረድበትም። ቆመን አራቱንም ጎማ ዞረን አሸተትን፤ ምንም የለም። ሽታው ከጋቢናው ውስጥ ነበር። በሾፌሩ በኩል ምንጣፉን ገለጥ ስናደርግ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሯል። ከሥሩ አንድ ቀጭን ቀይ ሽቦ ላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል።

ሽቦው የሚሄደው ወደ ወንበሩ ነው። ወንበሩ ደግሞ ከመኪናው ጋር የመጣ አይደለም። አጎቴ ከወራት በፊት ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ያስመጣው ነው። ከሌላ መኪና የወጣ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት እዝዝዝ እያለ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ።

ከዚያ ወዲህ ጅማ ውስጥ ይህንኑ ያሠራ፣ ወይም ለማሠራት የሚያጠያይቅ ሰው ብዙ መሆኑን ልብ ማለት ጀመርኩ። አይገርምም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና አድሶ መያዝን መርጧል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራው ሃይሉክስ ሞተሩ ገና ነው። ከአጋሮ ቡና ይጭናል፣ ሊሙ ይወጣል፣ ቦንጋ ይወርዳል። የሞተው ወንበሩ ነው። ፍራሹ ተጨፍልቋል፣ ሐዲዱ ዝጎ አልንቀሳቀስም ብሏል። ባለቤቱና ሾፌሩ ሲፈራረቁ አጭሩ ከጀርባው ትራስ ይጨምራል፤ ረጅሙ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል።

ለኤሌክትሪሺያን ሙያውን ላስተምረው አልነሳም። ይህን የምጽፈው ለባለ መኪናው ነው። ምን እየተሠራለት እንደሆነ ካወቀ፣ ቢያንስ ምንጣፉ ከመመለሱ በፊት ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል።

ስሙ ራሱ ትንሽ ያስቸግራል። «የኤሌክትሪክ ወንበር» ካሉት አሜሪካ ውስጥ ሞት የተፈረደበት ሰው የሚቀመጥበት ይመስላል። ስለዚህ ባለ ሞተር ወንበር እለዋለሁ።

ወንበሩ ውስጥ ምን አለ?

ከፍራሹ ሥር ትንንሽ ሞተሮች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ አንድ ሥራ አለው። አንዱ ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። አንዱ የመቀመጫውን የፊት ጫፍ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላው የኋላውን። አራተኛው መደገፊያውን ያጋድማል። ሻጮች «ስምንት አቅጣጫ» የሚሉት ይህንን ነው፤ አራት ሞተር፣ እያንዳንዱ በሁለት አቅጣጫ።

ሞተሩ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ለአንዱ ፖዘቲቭ፣ ለሌላው ኔጌቲቭ ብትሰጡት በአንድ በኩል ይዞራል። ብትገለብጡት በተቃራኒው። ልጅ እያለ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር አውጥቶ በባትሪ ድንጋይ ያዞረ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ወንበሩ ጎን ላይ ያለው ቁልፍ ሥራው ይኸው መገልበጥ ነው። ማንም ሳይነካው ሁለቱም የሞተር ሽቦዎች ኔጌቲቭ ላይ ያርፋሉ። ሲጫኑት አንደኛው ወደ ፖዘቲቭ ይሻገራል፣ ሞተሩ ይዞራል። ሲለቁት ይመለሳል፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል።

ስለዚህ ወንበሩ ምን መኪና ላይ እንደተቀመጠ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ሞተሩም ቁልፉም እዚያው ራሱ ላይ ናቸው። ከመኪናው የሚፈልገው አንድ ወፍራም ፖዘቲቭና አንድ ወፍራም ኔጌቲቭ ነው። ከወንበሩ ሥር የሚወጡትን ብዙ ሽቦዎች አይቶ የሚደነግጥ አለ። አብዛኞቹ ለቀበቶ ምልክት፣ ለማሞቂያና ለመሳሰሉት ናቸው። ኃይል የሚሸከሙት ከሁሉም የሚወፍሩት ናቸው። ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ግን የቀለም ነገር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በቀለም ብቻ አይታመንም።

«ባትሪ ቢሞትብኝ ወንበሩ ይንሸራተታል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። አይንሸራተትም። ሞተሩ ወንበሩን የሚገፋው በጠመዝማዛ ጥርስ ነው። እንደ ጠመዝማዛ ክሪክ አስቡት። እጀታውን ስታዞሩት መኪናውን ያነሳል፤ መኪናው ግን በክብደቱ እጀታውን መልሶ ማዞር አይችልም። መዘዙ ሌላ ነው። ወንበሩ ባለበት ይቀራል። አጭሩ ሾፌር አስጠግቶት ከወረደ ረጅሙ ሰውዬ ባትሪ እስኪገኝ ጉልበቱን አጥፎ ይጠብቃል።

«በዚህ ሽቦ እንጀራ ይጋገራል፤ ወንበር ያቅተዋል?»

ይህን ያለው የአጎቴን ወንበር የገጠመው ልጅ ነው። ጋራዡን አልጠራም። አጎቴ ሽቦው ቀጠነብኝ ሲለው፣ «ፋዘር፣ በዚህ ሽቦ እኮ ቤት ውስጥ እንጀራ ይጋገራል» አለው። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ቃላት እንለይ። ዋት የሥራው መጠን ነው። ቮልት ግፊቱ ነው። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ብዛት ነው። ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው፤ ሒሳቡ ይኸው ነው።

በአህያ ላስረዳ። ቡና ከማሳ ወደ መፈልፈያ ይጓጓዛል እንበል። የሚጓጓዘው ቡና ዋቱ ነው። አንዲት አህያ የምትሸከመው ጭነት ቮልቱ ነው። በመንገዱ ላይ የሚያልፉት አህዮች ብዛት አምፔሩ ነው። መንገዱ ሽቦው ነው። የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ እዚያ እያንዳንዷ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች እንበል። መኪና ላይ 12 ቮልት ነው፤ በዚያው ልክ ስናሰላው እያንዳንዷ የምትጭነው ሦስት ኪሎ አይሞላም። ያንኑ ቡና ለማድረስ አሥራ ስምንት እጥፍ አህያ ያስፈልጋል። መንገዱን የሚያጨናንቀው ደግሞ የአህዮቹ ብዛት እንጂ የጫኑት ክብደት አይደለም። ሽቦም የሚግለው በአምፔር ነው።

አሁን እናስላ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይጠጋል። ለ220 ስናካፍለው 16 አምፔር አካባቢ ይመጣል። የወንበር ሞተር በሰላም ሲሄድ እንደየዓይነቱ ከ3 እስከ 10 አምፔር ይወስዳል። ወንበሩ ሐዲዱ ጫፍ ደርሶ እየተገታ ቁልፉን ካልለቀቁ ግን 20 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ የተገታ ወንበር ከምጣዱ የበለጠ አምፔር ይስባል። ሥራው የምጣዱን አሥረኛ እንኳ አያህልም፤ ሽቦውን ግን ከምጣዱ የበለጠ ያግለዋል።

ሽቦ ቤት ስትሄዱ 1፣ 1.5፣ 2.5፣ 4 የሚባለው የመዳቡ ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ካሬ። ከባትሪው እስከ ሾፌሩ ወንበር ሽቦው ዞሮ ዞሮ ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ባለ 1 ሽቦ ዘርግታችሁ 20 አምፔር ብትልኩበት 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ የጠፋ ቮልት የትም አልሄደም፤ 28 ዋት ሙቀት ሆኗል፤ ያውም ምንጣፍ ሥር። በባለ 4 ሽቦ ኪሳራው 0.35 ቮልት፣ ሙቀቱ 7 ዋት ብቻ ነው። ለአንድ ወንበር ባለ 4፣ ለሁለት ወንበር በአንድ መስመር ከሆነ ባለ 6 የምለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። የቤት ሽቦ ብዙውን ጊዜ አንድ ድፍን መዳብ ነው። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ስለማይነቃነቅ ችግር የለበትም። መኪና ግን ይንቀጠቀጣል፤ የእኛን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወንበሩ በተንሸራተተ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል። ድፍን ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ለመኪና የሚሆነው በቀጫጭን ክሮች የተገመደው ነው። ሲገዙም ጫፉን ልጦ ማየት ነው። ላስቲኩ ወፍሮ ውስጡ የቀጠነ አለ። መዳብ መስሎ ሲፋቅ ነጭ የሚሆንም አለ፤ እሱ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ፊውዙ የሚጠብቀው ማንን ነው?

አሥር ባለ መኪና ብጠይቅ ዘጠኙ «ወንበሩን» ይሉኛል ብዬ እገምታለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በሽቦው በኩል ደግሞ መኪናውን፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጠውንም ሰው።

በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ማረሻው ድንጋይ ሲነክስ ምራኑ ቢበጠስ ገበሬው ትንሽ ይናደዳል፣ ሌላ ያስርና ይቀጥላል። ሞፈሩ ተርፎለታል። ምራኑ መበጠሱ አናደደኝ ብሎ በሰንሰለት ቢተካው በሚቀጥለው ድንጋይ የሚሰበረው ሞፈሩ ነው። ፊውዝ ምራን ነው። እንዲበጠስ ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ።

የአጎቴ ወንበር ታሪክ ይኸው ነው። ልጁ ለወንበሩ ኃይል የቀጠለው ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ካለው ከሲጋራ መለኮሻው ነው። ቅርብ ነው፣ ቀላል ነው። የመለኮሻው ፊውዝ 15 አምፔር ነበር። አጎቴ ወንበሩን እስከ ጫፍ እየገፋ ቁልፉን አይለቅም፤ ፊውዙ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። አራተኛ ጊዜ «ለምን እንዲህ ትሰቃያለህ» ብሎ አንድ የሚያውቀው ሰው በፊውዙ ቦታ ቁራጭ ሽቦ ሰካለት። አንዳንዱ ሽቦ ካጣ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልልበታል፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ጸባየኛ ሆነ። ሁለት ወር ያህል ምንም አልነበረም።

በዚህ መሐል ቀዩ ሽቦ ከወንበሩ ሐዲድ ሥር ገብቶ ኖሯል። ማንም በቱቦ አልሸፈነው፣ ማንም አላሰረው። ወንበሩ በሄደ በተመለሰ ቁጥር ሐዲዱ ላስቲኩን ይልጠዋል። የግቤ ቁልቁለት ላይ መዳቡ ከሐዲዱ ብረት ጋር ተነካካ። ሾርት ማለት ይህ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሞተሩ በኩል መዞሩን ትቶ አቋራጭ አገኘ። አቋራጭ መንገድ ላይ የሚገታው ነገር ስለሌለ አምፔሩ ወደ ላይ ይተኮሳል። ፊውዝ ቢኖር በዓይን ጥቅሻ ተበጥሶ ነገሩ ያልቅ ነበር። ስላልነበረ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆነ፤ ያውም ምንጣፍ ሥር።

ስለዚህ የፊውዙ ቁጥር የሚመረጠው በሽቦው ነው። ለባለ 2.5 ሽቦ 20 አምፔር፣ ለባለ 4 ሽቦ 30 አምፔር። ብዙ ፋብሪካዎችም ለባለ ሞተር ወንበር 30 አካባቢ ነው የሚያስቀምጡት። የምላጭ ቅርጽ ያላቸው ፊውዞች ቀለማቸው ቁጥራቸውን ይናገራል፤ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 ነው። አረንጓዴ ፊውዝ በቀጭን ሽቦ ላይ ካያችሁ ሰንሰለት ነው፣ ምራን አይደለም።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይራቅ። ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለም። ፊውዙን ወንበሩ ሥር ብታደርጉት ከሞተሩ ክፍል ጀምሮ፣ በላሜራው ቀዳዳ፣ በምንጣፉ ሥር እስከ ወንበሩ ያለው ሁሉ ያለ ጠባቂ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንበር ጫፍ ደርሶ መገታቱ በየቀኑ የሚያጋጥም ስለሆነ ብዙ ፋብሪካዎች በፊውዝ ፈንታ ራሱን የሚመልስ ብሬከር ይጠቀማሉ። ውስጡ ሲግል የሚጣመም ብረት አለ። አምፔሩ ሲበዛ ይጣመምና መስመሩን ያቋርጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ያገናኛል። የ30 አምፔሩ ከተገኘ ከፊውዝ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ካልተገኘ ፊውዙ ይበቃል፤ ጫፍ ሲደርስ ጣትን ማንሳት ነው።

ማሳውስ?

የእርሻው ማሳ አይደለም። መካኒኮቻችን ማሳ የሚሉት ከጣሊያንኛ የቀረ ቃል ነው፤ የመኪናው ብረት አካል ማለት ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ የታሰረበት። ወደ ወንበሩ የሄደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በማሳ በኩል ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የተላከው በሙሉ ይመለሳል። ስለዚህ የኔጌቲቩ ሽቦ ከፖዘቲቩ እኩል መወፈር አለበት። ፖዘቲቩን በባለ 4 ዘርግቶ ኔጌቲቩን በክር በሚያህል ሽቦ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው።

ጅማ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ያስቸግራል። ዝናባችን የክረምት ብቻ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ጭቃ የረገጠ ጫማ በየቀኑ ጋቢና ይገባል፣ ምንጣፉ ሥር ውሃ ይቋጥራል። ቀለም ላይ የታሰረ ወይም ዝገት ላይ የታሰረ ማሳ ለጊዜው ይሠራል፤ ከዚያ ወንበሩ መዘግየት ይጀምራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ሰው ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ ሌላ ወንበር ይፈልጋል። ሞተሩ ደህና ነው። ብረቱን እስኪያበራ መፋቅ፣ ባለ ቀለበት ጫፍ በብሎን አጥብቆ ማሰር፣ ላዩን ግሪስ መቀባት፤ ሃምሳ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

የማስነሻ ቁልፍ ሲነቀል ወንበሩ ይሥራ ወይስ ይቁም?

ሁለቱም ይቻላል። ፋብሪካዎች የሾፌሩን ወንበር ብዙውን ጊዜ ሁልጊዜ ኃይል እንዲኖረው ያደርጋሉ፤ ሾፌሩ ሳያስነሳ አመቻችቶ ይቀመጣል። ልጆች ካሉና መኪናው ግቢ የሚያድር ከሆነ ግን ቁልፍ ሲነቀል ቢቆም እመርጣለሁ። ልጅ ወንበሩን እያስኬደ ሲጫወት የሌላውን ልጅ እግር ሊያጣብቅ ይችላል።

ለዚህ ሪሌ ያስፈልጋል። ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ከማስነሻ ቁልፉ ቀጭን ሽቦ ይሄድለታል፤ እሱም ከባትሪው የመጣውን ወፍራም መስመር ይከፍታል። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ከፊውዙ የመጣው ነው፣ 87 ወደ ወንበሩ የሚሄደው፣ 86 ከማስነሻ ቁልፍ፣ 85 ማሳ። የወንበሩን ኃይል ሪሌ ሳይገባበት በቀጥታ ከማስነሻ ቁልፉ ሽቦ መቀጠል ግን የማስነሻውን ቁልፍ ራሱን ያቃጥላል።

የትኛውን ወንበር ልግዛ?

ቀላሉን። ጎኑ ላይ «1»፣ «2» የሚል ማስታወሻ ቁልፍ ያለውን ወንበር ተዉት። እሱ የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ ከድሮ መኪናው ኮምፒውተር መልእክት ካላገኘ ላይታዘዝ ይችላል። ማሞቂያ አለው ብለው ዋጋ ከጨመሩባችሁም ለጅማ አያስፈልግም በሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ኤርባጉን ተመልከቱ። የአዳዲስ መኪኖች ወንበር በጎኑ በኩል ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከል ከረጢት፣ ሊኖረው ይችላል። ልብሱ ላይ «ኤርባግ» ወይም «ኤስ አር ኤስ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ተሰፍቶበታል፤ ከሥሩ ቢጫ ሶኬት ይወጣል። ኤርባግ የሚነፋው በፈንጂ ነገር ነው። ወንበሩ ከመኪናው ቢወጣም ፈንጂው እዚያው ነው። በሰከንድ ክፍልፋይ ስለሚነፋ ፊቱን አስጠግቶ የሚሠራ ሰው ሊገድል ይችላል። የቀበቶ መሰኪያውም በብዙ መኪኖች ላይ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ወደ ታች የሚስብ የራሱ ትንሽ ፈንጂ አለው፤ ሶኬቱም ቢጫ ነው። «ኤሌክትሪክ አለበት ወይ» ብሎ ቢጫውን ሶኬት በአምፖል ወይም በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር መነካካት ፈጽሞ አይገባም። በባትሪ መሞከርም አይታሰብም። አሮጌው ፒካፕ ኤርባጉን የሚያዝለት ኮምፒውተር ስለሌለው ቢገጠምም ጥቅም የለውም፤ አደጋው ብቻ ይተርፋል። እኔ ብሆን ኤርባግ ያለውን ወንበር በርካሽም አልገዛም።

ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ አስሞክሩት። አንድ የመኪና ባትሪ፣ መሐሉ ላይ ባለ 15 ፊውዝ፣ ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች። አራቱም ሞተር በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ አለበት። እዝዝ እያለ የማይነቃነቅ ካለ ጥርሱ ተበልቷል።

የእኔ መኪና 12 ነው ወይስ 24?

አብዛኛው ፒካፕ 12 ቮልት ነው። ኤን ፒ አርና ሌሎች የጭነት መኪናዎች ግን 24 ናቸው፤ የወንበር ሞተር ደግሞ 12 ነው የሚፈልገው። በ24 ላይ ቢሰካ በእጥፍ ፍጥነት ይሮጥና ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ባትሪ መቁጠር አይበቃም። ሁለት ባትሪ ኖሮት 12 ቮልት የሆነ ናፍጣ መኪና አለ፤ ጎን ለጎን ስለታሰሩ። በሜትር መለካት ነው። 24 ከሆነ ወደ 12 የሚያወርድ፣ ቢያንስ 20 አምፔር የሚችል መቀነሻ ያስፈልጋል። ከሁለቱ ባትሪ በአንዱ ላይ ብቻ መቀጠል መፍትሔ ይመስላል፤ አንደኛው ሁልጊዜ ከሌላው በታች እየወረደ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

ባትሪ ይጨርስብኛል?

አይጨርስም። 10 አምፔር ለ10 ሰከንድ ከ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ምንም ማለት አይደለም። የፊት መብራት አንዱ አምፖል ብቻ ወደ 5 አምፔር ይወስዳል፤ እሱን ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ ሾፌር አለን።

ብሎኑ ላይ ለምን እንከራከራለን?

ሁሉም ሰው ስለ ሽቦ ያወራል፤ ግጭት ሲመጣ የሚይዛችሁ ግን ብሎኑ ነው። የወንበሩ አራት እግሮች ከአሮጌው መኪና ቀዳዳዎች ጋር ብዙውን ጊዜ አይገጥሙም። ስለዚህ ማገናኛ ብረት ይሠራል። እዚህ ላይ ነው የሚቀለደው። ወለሉ ቀጭን ላሜራ ነው። በእሱ ላይ በቀጥታ በይዶ መተው፣ ወይም ላሜራውን በስቶ ተራ ብሎን ማሰር፣ በሰላም ቀን ይሠራል። የአዲሶቹ ወንበሮች የቀበቶ መሰኪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ ነው የታሰረው። በአሮጌው መኪና ግን ወለሉ ላይ ነበር። ይህ ማለት በግጭት ጊዜ የሰውየው ክብደት ሁሉ በቀበቶው በኩል ወደ ወንበሩ እግር፣ ከዚያ ወደ እነዚያ አራት ብሎኖች ይሄዳል።

የሚቻል ከሆነ የድሮው የቀበቶ መሰኪያ በድሮው ቦታው ይቆይ። ማገናኛው ብረት በፋብሪካው ቀዳዳዎች ላይ ይታሰር። አዲስ ቀዳዳ የግድ ከሆነ ከላሜራው ሥር ሰፊ ወፍራም ብረት ይግባ። የብሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ለዚህ ቦታ አይሆንም። ቁመቱንም አትርሱ። ባለ ሞተር ወንበር ከሥሩ ብዙ ነገር ስላለው ከፍ ይላል፤ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ እንኳ ራሳችሁ ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ሞተራቸው ከወንበሩ ሥር በሆኑ መኪኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ከመነሻው አይታሰብም።

እውነቱን ለመናገር፣ ለወገብ ህመም ብቻ ከሆነ ከአዲስ መኪና የወጣ በእጅ የሚስተካከል ጥሩ ወንበር ምቾቱ ያው ነው። ሽቦ የለውም፣ ፊውዝ የለውም። ለአጎቴም ነግሬው ነበር። «ልጄ፣ አንዴ ቁልፍ መጫን የለመደ ሰው ተመልሶ እጀታ አይስብም» አለኝ።

አጎቴስ ምን አደረገ?

አሠራው፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ቦታ። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ። ኔጌቲቩ የሚቀድመው መፍቻው ሳት ብሎ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት እንዳይፈጥር ነው። ከመለኮሻው የተቀጠለው ሽቦ በሙሉ ተነቅሎ ወጣ፤ በፊውዙ ቦታ የነበረችው ቁራጭ ሽቦም። ከባትሪው አንድ ስንዝር ርቆ 30 አምፔር ብሬከር ተቀመጠ። ባለ 4 የተገመደ ሽቦ በሞተሩ ክፍል ላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ ብረቱ እንዳይልጠው ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) ገባለት። ምንጣፉ ሥር በቱቦ ውስጥ ሆኖ በበሩ ጥግ በኩል ሄደ እንጂ በሐዲዱ መንገድ አልሄደም። ከወንበሩ ሥር ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደፊት ሲሄድ እንዳይወጠር፣ ወደኋላ ሲመለስ እንዳይቆነጠጥ ትንሽ ትርፍ ተተወለት፤ ትርፉም ታሰረ። ማሳው ብረቱ ተፍቆ ታሰረ።

ምንጣፉ ወዲያው አልተመለሰም። ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ሳምንት እንዲሁ ይንዱት አለ። አጎቴ አጋሮ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ወንበሩን ከጫፍ ጫፍ አምስት ጊዜ ያስኬደዋል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ከባትሪው ጀምሮ በእጁ ይዳስሰዋል፤ በተለይ መጋጠሚያዎቹን። ሞቅ ያለ ቦታ ካለ እዚያ መጋጠሚያው ላልቷል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሞቅ ያለ ቦታ አገኘ፤ ማሳው ብሎን ላይ። ብሎኑን አጠበቀው። በሰባተኛው ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዝቃዛ ነበር፤ ምንጣፉም ተመለሰ።